የሉቺያኖን ኳስ ማን አቀበለው?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ እግር ኳስ ከአዛውንት ጋር ወግ የጀመረ ሰው ኮተንን ሳይሰማ አይነሣም። የጥጥ ፋብሪካው ክለብ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ ወደዚህች ከተማ ማምጣቱን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎን የመሰለ ተጫዋች መለያውን ለብሶ መጫወቱን፣ የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ አክራ ላይ ለማጠቃለያው ከተገናኙት አራት ክለቦች አንዱ የእኛው መሆኑን እኔም ያወቅሁት እንደማንኛውም የከዚራ ልጅ በመስማት ነው። ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወስዶታል፤ ኮተን ግን እዚያ ደርሶ ነበር። ይህን ያህል የተጓዘ ክለብ ሲጫወት የሚያሳይ ፊልም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የማውቀው ኮተን በሙሉ የተነገረኝ ኮተን ነው፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ጎል እየጨመረ መምጣቱን ብጠረጥርም አልቀየመውም።

የሚነገረው ሁልጊዜ ጎሉ ነው። በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ አሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጫት ተፈትቶ፣ ጨዋታው ሞቅ ማለት ሲጀምር ከጉልበታቸው ሕመም ጋር እየተሟገቱ ይነሡና ሉቺያኖ ኳሷን እንዴት በደረቱ እንዳቆማት፣ ሳያስነካ እንዴት እንዳዞራት፣ በረኛው ወዴት እንደወደቀ ያሳያሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ኳሷን ያቀበለው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆመው አዩኝና፣ «አቦ ተወኝ! ማን አቀበለው ትለኛለህ? ገባች እኮ ነው የምልህ!» አሉ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም።

እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስጠይቀኝ ከድሬ ኳስ ሌላ ሁለት አባዜ ስላለብኝ ነው። አንደኛው የጃዝ ሸክላ መሰብሰብ ነው፤ ይህን ወዳጆቼ ገንዘብ የሚበላ ነገር ግን ጉዳት የሌለው አመል ነው ብለው ያልፉልኛል። ሁለተኛው ቤዝቦል ነው፤ ለዚህኛው ምሕረት የላቸውም። ዱላውን ብቻ አይተው «ፈረንጅ ያበላሸው የገና ጨዋታ» ይሉታል። ለእነሱ ሦስቱ ነገሮች የሚገናኙበት መንገድ የለም። እኔ ግን አንዱን በያዝሁ ቁጥር የሌላው ጉድለት ይታየኛል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ዓይን እያየ፣ ጆሮ እየሰማ የሚያልፉ ነገሮች ሆነው ሳለ ያለፈውን የሚይዙበት መንገድ ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ከጃዝ ልጀምር። ሳክስፎን ነፊውን ቻርሊ ፓርከርን የሚያመልክ፣ ራሱም ሳክስፎን ይነፋ የነበረ ዲን ቤኔዴቲ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓርከር በሚጫወትበት የሎስ አንጀለስ ክለብ ዲስክ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዞ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመትም ኒው ዮርክ ላይ ቀርጾታል። ታዲያ የቀረጸው ሁሉን አይደለም። ፓርከር ሲነፋ መሣሪያውን ይከፍታል፤ ፓርከር ጨርሶ ትራምፔተኛው ሃዋርድ ማጊ ሲቀበለው ይዘጋል። ዲስኩ ላይ ያለው ቦታ ጥቂት ነው፣ እሱ የሚፈልገውም አንድ ሰው ብቻ ነው። እነዚያ ቅጂዎች ከአርባ ዓመት በላይ ተሰውረው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1990 ለአድማጭ ቀረቡ። ስሰማቸው መገረሜና መናደዴ እኩል ነው። ፓርከር ከመሐል ብቅ ይላል፣ ሰማይ ይነካል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ከእሱ በፊት የነፋው ሰው ምን ብሎት ነው እንዲህ የመለሰው? የትኛውን ሐረግ ነው ተቀብሎ የገለበጠው? ጃዝ ጭውውት ነው፤ ቤኔዴቲ ግን የአንዱን ተናጋሪ ቃል ብቻ አስቀርቶልናል።

የጎረቤቴም ኮተን እንዲሁ ነው። መሣሪያው የሚከፈተው ኳሷ ሉቺያኖ እግር ላይ ስትደርስ ነው። አሥሩ ጓደኞቹ እንደ ሃዋርድ ማጊ ናቸው፤ ነበሩ፣ ያለ እነሱም ጨዋታው አይሆንም፣ ግን መሣሪያው በእነሱ ተራ ተዘግቷል።

ስለ ሸክላ ሳወራ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ድምፁ ጥራት ነው። ለእኔ ግን ከድምፁ ባልተናነሰ የሚያስደስተኝ ጀርባው ነው። የአሜሪካ ጃዝ ትልልቅ ሸክላዎች ልባስ ጀርባ ላይ ትራምፔቱን ማን እንደነፋ፣ ከበሮ ላይ ማን እንደተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜም በየትኛው ቀን እንደተቀረጸ ሰፍሮ ይገኛል። ይህም አልበቃ ሲል ሰብሳቢው ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ መሐል ወረቀቱ ያለውን ባዶ ቀለበት ያነብባል። የብሉ ኖት ድርጅት የቀድሞ ሸክላዎች ላይ እዚያች ቀለበት ውስጥ የድምፅ ባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ስም መነሻ የሆኑ ሦስት ፊደላት በእጅ ተጭረው ወይም ታትመው ይገኛሉ። ሙዚቃ ያልተጫወተው፣ መስኮት ጀርባ ቆሞ ድምፅ ያመጣጠነው ሰው እንኳ አሻራው ተገኝቷል ማለት ነው።

የእኛዎቹን ሸክላዎች ስይዝ የሚሰማኝ ሌላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ሥራውን ሲጀምር ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ እምቢ አሻፈረኝ ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አገር አሳተመና አመጣ። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አወጣ። እሱ ያንን ባያደርግ ኖሮ ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ እያለ የሚጠራው ነገር ከክለብ ግድግዳ ውጭ አይሰማም ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሆኖም በእጄ ካሉት ትንንሾቹ በብዙዎቹ ወረቀት ላይ የማነበው የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ርእስ ነው። ከዘፋኙ ጀርባ ሆኖ ያንን ሁሉ የሚያለቅስ ሳክስፎን የነፋው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ጊታሩንም ማን እንደመታው እንዲሁ። ከእነዚያ ዘፈኖች የብዙዎቹ ቅንብር የሙላቱ አስታጥቄ መሆኑን የምናውቀው ሰዎች በኋላ እየዞሩ ስለጠየቁ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እነዚህን ሥራዎች በተከታታይ ሲያሳትም ትልቁ ድካሙ ድምፁን ማጽዳት ብቻ ሳይሆን ይኸው ማን ምን ተጫወተ የሚለው ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሙላቱ ራሱ ዕድለኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎቹን እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በራሱ ስም አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣም አጠገቡ የሚታየው እሱ ነው። ጌታቸው መኩሪያም አንድ ትልቅ ሸክላ በራሱ ስም ደርሶታል፤ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን። ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው የሰማ ሰው አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈር ለቀቀ ያሉትን የጃዝ አነፋፍ ያስታውሰዋል፤ ጌታቸው ግን ከእነሱ አልወሰደውም፣ ከጦር ሜዳ ፉከራ ነው ያመጣው። እነዚህ ሁለቱ ስማቸው ቀርቷል። የቀሩት ስንቶች ናቸው የሚለውን ማሰብ አልወድም።

ድሬ ውስጥ ሸክላ መሰብሰብ፣ በነገራችን ላይ፣ ከአየሩ ጋር ግብ ግብ መያዝ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ቆርቆሮው የሚያወርደው ሙቀት ሸክላን ለማጣመም የቆረጠ ይመስላል፤ መስኮት አጠገብ የተረሳ ሸክላ ማታ ሲነሣ መርፌውን እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አስተኝቶ መደራረብም አይሆንም፤ የላዩ የታቹን ይጎዳዋል። ቀጥ ብለው ተደግፈው፣ ከግድግዳ ርቀው፣ በጨርቅ ተጋርደው መቀመጥ አለባቸው። ከዚያ አቧራው አለ። የደቻቱ አሸዋ በደረቁ ወራት በነፋስ ተነሥቶ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ መርፌው የሚሄድበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ሲገባ ሙዚቃው ላይ ሽንብራ የሚቆላ ይመስላል።

መጋላ ውስጥ ካለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ያገኘኋት ባለ 45 ዙር ሸክላ ነበረች። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ የትራንስፎርመር ሽቦ በሞላበት ካርቶን ውስጥ፣ ያለ ልባስ ተጥላ የአሊ ቢራ ሸክላዎች አብረዋት ነበሩ። አሊ የድሬ ልጅ ነው፣ ጃዝ ነው ብዬ ማንንም አልሞግትም፣ ነገር ግን መደርደሪያዬ ላይ ከሙላቱ ጎን ነው የማስቀምጠው። ሸክላዋን ለብ ባለ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ መሐሏ ያለው ወረቀት እንዳይርስ በጣቴ ጋርጄ፣ በቦዩ አቅጣጫ ብቻ በለስላሳ ጨርቅ እያዞርሁ አጠብኋት። ጨርቁ ቡና መሰለ። ጥላ ሥር አቁሜ ካደረቅኋት በኋላ መርፌውን ሳስቀምጥ የሰማሁት ከዘፋኙ በፊት የሚገባ የስምንት ምት ሳክስፎን ነው። ወረቀቷን ደጋግሜ አየሁ፤ ነፊው የለም። ለሬዲዮ ጠጋኙ ደውዬ አሰማሁት፤ «ወላሂ አውቀዋለሁ፣ ስሙ ግን ጠፋኝ» አለኝ።

ጃዝ የራሱ ኮተን አለው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከሁሉ በፊት ይህን ሙዚቃ ይጫወት ነበር የሚባለው ኮርኔተኛው ባዲ ቦልደን እ.ኤ.አ. በ1907 ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብቶ እዚያው እስኪሞት ቀረ፤ ከእሱ አንድም ቅጂ አልተገኘም። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፣ የእኛው ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ የታተመለትም የነጮች ባንድ ነው። ስለ ቦልደን የቀረው ሰው የተናገረው ብቻ ነው፤ ሲነፋ ማይሎች ርቆ ይሰማ ነበር ይላሉ። የጎረቤቴን ያህል የሚወዱት ሰዎች እንደነበሩ ከዚህ አባባል አያለሁ።

አሁን ወደ ቤዝቦል። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳል፤ ይህን ነገር ያስያዘኝ እሱ ነው። እዚያ አገር ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ ለሚተኛ የድሬ ሰው ሰዓቱ ያን ያህል ክፉ አይደለም። መጀመሪያ የገረመኝ ጨዋታው የሚያበቃበት ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ዳኛ እጁን አያይም፣ የባከነ ደቂቃ የለም። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ይመታል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስት ሰው ተሸንፎ እስኪወጣበት ድረስ፤ ሦስተኛው እስካልወጣ ሌሊቱን ሙሉ መምታት ይችላል። ከአሥር ጊዜ ሦስቴ በትክክል የሚመታ ሰው እንደ ጎበዝ ይቆጠራል፤ ሰባቱን ጊዜ ወድቆ ማለት ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ስለሚጫወት አንድ ሽንፈት ላይ የሚያለቅስ የለም። ለአርሰናል ደጋፊነት ላደግሁ ሰው ይህ እንግዳ የሆነ ዕረፍት ነው።

ልቤን የወሰደው ግን ወረቀቱ ነው። ስታዲየም የሚገባ ተመልካች ሠንጠረዥ የታተመበት ወረቀት ይዞ ጨዋታውን በራሱ እጅ ይጽፋል። ሜዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ የሚለው ያዥ 2፣ መቺው ሮጦ ከሚያርፍባቸው ማዕዘኖች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው 6 ነው። ሳጥኑ ውስጥ 6-4-3 ተብሎ ሲጻፍ ኳሷን 6 አነሣት፣ ለ4 አቀበለ፣ 4 ደግሞ ለ3 ወረወረ፣ ሁለት ሰውም ወጣ ማለት ነው። ስህተት የሠራም ይጻፍበታል። መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ሦስተኛዋ ትክክለኛ ውርወራ ካለፈችው ኬ የምትለው የላቲን ፊደል ዞራ ትጻፋለች። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያስረዳኝ ትዝ ያሉኝ የበረንዳው ሰው ናቸው። ማን አቀበለው ለሚለው ጥያቄ መልስ የማያሳጣ ጨዋታ ይኸው ተገኘ። እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ይህን የአጻጻፍ ዘዴ ያስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ፊልም የሚባል ነገር ሳይፈጠር።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የዋሽንግተን ናሽናልስ ለዓመቱ ታላቅ ዋንጫ ከሂውስተን ጋር ሲፋለሙ የመጨረሻውን ሰባተኛ ጨዋታ አላየሁትም። የአክስቴ ልጅ ግን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝና ያላየሁትን ጨዋታ ቡና እየጠጣሁ አነበብሁት። እስከ ሰባተኛው ዙር ሂውስተን 2 ለ 0 ይመራል፤ ከዚያ የዋሽንግተኑ አንቶኒ ሬንዶን ኳሷን መትቶ ከሜዳ ያወጣታል፣ ሁዋን ሶቶ ወርዋሪው አራት ጊዜ ስለሳተበት በነጻ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ይሄዳል፣ ሂውስተን ወርዋሪውን ይቀይራል፣ ሃዊ ኬንድሪክ አዲሱንም ከሜዳ በማውጣት ይቀበለዋል፣ ዋሽንግተን 3 ለ 2። ያለቀው 6 ለ 2 ነው። በዚያ ፍልሚያ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር፤ ከዚያ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር።

ፊልሙን በኋላ ሳየው ወረቀቱ ያልነገረኝ ነገር ተገለጠ። የኬንድሪክ ኳስ የሜዳውን ወሰን የሚያመለክተውን የቀኝ ምሰሶ ገጭታ ነው የገባችው፤ ጥቂት ጣት ወደ ውጭ ብትል ኖሮ ከንቱ ነበረች። ብረቱ ሲጮኽ ይሰማል፣ ከዚያ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሆም ረን፣ ከሜዳ ወጣች፣ የሚል ምልክት ብቻ ነው። የምድር ባቡሩ ጡረተኛ ያንን ምሰሶ ቢያዩት ኖሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በጉልበታቸው ተነሥተው ያስጮኹት ነበር። ስለዚህ ለወረቀቱ ያለኝ ፍቅር የሽማግሌውን ወግ እንድንቅ አላደረገኝም፤ እንዲያውም እያንዳንዳቸው የሌላውን ግማሽ የያዙ ይመስሉኛል።

ወረቀቱ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የጥቁሮቹን ሊጎች ታሪክ ማየት ይበቃል። ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ የቀለም አጥሩን እስኪያፈርስ ድረስ ጥቁር ተጫዋቾች በራሳቸው ሊግ ነበር የሚጫወቱት። ጃዝና ቤዝቦል በዚያ ዓለም ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1931 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ለአንድ ቡድን ሙሉ መለያ ገዝቶ በስሙ አጫውቷል፣ ካውንት ቤዚም እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሮቢንሰን ኳስ መምታት ሸክላ አሳትሟል። ከእነዚያ ሊጎች ኮከብ የነበረው ጆሽ ጊብሰን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እንደ ቦልደን በወሬ ብቻ የሚኖር ሰው ነበር፤ ኳሷን ከስታዲየም አሳልፎ ሌላ ከተማ አወረዳት እስከ ማለት ይቀለድ ነበር። ተመራማሪዎች ግን የዚያን ዘመን ጋዜጦች፣ በተለይም ጥቁሮች ያሳትሟቸው የነበሩትን፣ ገጽ በገጽ እየገለጡ የየጨዋታውን ሠንጠረዥ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዋናው ሊግ ያንን መዝገብ ከራሱ ጋር ሲያዋህድ የጊብሰን የመምታት አማካይ 0.372 ሆኖ ታይ ኮብን ከቁንጮው አወረደው። ወሬው እውነት ነበር። ይህን ያረጋገጠው ደግሞ አንድ ስሙ የማይታወቅ ዘጋቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሞላው ሠንጠረዥ ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ድሬዳዋ ስታዲየም ደብተር ይዤ መግባት ጀመርሁ። ብርቱካናማዎቹ፣ የእኛው ድሬዳዋ ከተማ፣ ሲጫወቱ ቁጥር በቁጥር ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። እግር ኳስ ግን አይጻፍም፤ ወይም እንደዚያ አይጻፍም። ቤዝቦል በእያንዳንዷ ውርወራ መካከል ይቆማል፣ እስክሪብቶውን ይጠብቃል። እግር ኳስ አንገቴን ወደ ደብተሩ ሳቀረቅር ከግራ መስመር ወደ ቀኝ ተሻግሯል። አጠገቤ የተቀመጡት ደግሞ አያስቀምጡኝም፤ አንዱ የሌላ ክለብ መልማይ ነህ ወይ ይለኛል፣ ሌላው ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር «ጻፈው! ይኼንንም ጻፈው!» እያለ ደብተሩን በጣቱ ይመታል። ስለዚህ ጥያቄውን አጠበብሁት። አሁን የምጽፈው ጎል ሲቆጠር ወይም ሊቆጠር ሲል ኳሷ ከየት እንደተነጠቀችና ከዚያ በኋላ የነኳትን ሰዎች ቁጥር በቅደም ተከተል ነው። አንድ ጨዋታ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ብዙ ጊዜ መነሻ ሆኖ የማገኘው ማንም ስሙን የማይጠራው፣ መሐል ሜዳ ላይ ሲሮጥ ውሎ ኳስ ነጥቆ በሁለት እርምጃ ርቀት የሚያቀብል ልጅ ነው። ደጋፊው አንዳንዴ ይሰድበዋል፤ ወደ ፊት አይሄድም ብሎ።

ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ውድድር ጀምሮ በዲኤስቲቪ ስለተላለፈ የዚህ ዘመን ጨዋታ እንደ ኮተን አይጠፋም የሚል አለ፤ ደብተሩ ለምን ያስፈልጋል ማለቱ ነው። ካሜራው ግን ራሱ ቤኔዴቲ ነው፤ ኳሷን ብቻ ይከተላል፣ ድጋሚ የሚያሳየውም ጎሉን ነው። ሜዳ የገባ ሰው የሚያየው ኳሷ ሳትደርስ የሚንቀሳቀሰውን ነው።

የኮተን ዘመን ግን አልፏል፤ በዚያ ላይ የምሠራው ሌላ ነገር ነው። መነሻ ያደረግሁት በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ላይ መካሄዱን ነው፤ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን። ዛየር የቀደመው ዋንጫ ባለቤትና ከሁለት ዓመት በፊት ለዓለም ዋንጫ የበቃች አገር ነበረች፤ እዚህ ግን በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከምድቡ ወደቀች። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ፣ አምበሏም አህመድ ፋራስ፣ መንገዷን የጀመረችው በእኛ ሜዳ ላይ ነው። ውጤቱ በየመዝገቡ አለ። ጨዋታው የለም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግን ያን ጊዜ ይታተም ነበር፣ ጥራዞቹም አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ፤ የኮተንንም ዘመን ገጽ በገጽ የሚገልጥ ሰው ካገኘ የጊብሰንን ያህል ባይሆንም አሥር ሰዎች ስማቸው ሊመለስላቸው ይችላል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ሞልቼ አንድ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ የመቀመጥ ሐሳብ አለኝ።

እስከዚያው አዛውንቶቹን እጠይቃለሁ። ናይጄሪያና ዛየር የተጋጠሙ ዕለት ስታዲየም ነበርን የሚሉ ሁለት ሰዎች የነገሩኝ አይገናኝም። አንደኛው ዛየሮቹን የጣላቸው ሙቀቱ ነው ይላል፤ ሁለተኛው በዚህ ይስቃል፣ ናይጄሪያ ቀዝቃዛ አገር ነው እንዴ እያለ፣ የጣላቸው የግራ መስመራቸው ነው ባይ ነው። ላስታርቃቸው አልሞከርሁም። ሸክላ ሰብሳቢ የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ ሲያገኝ አንዱን አይጥልም፤ ፓርከር ስቱዲዮ ውስጥ አንዱን ዜማ ሦስት አራት ጊዜ ሲቀርጽ አንዱ ሌላውን አይመስልም፣ ሁሉም ግን ፓርከር ናቸው። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ ማን እንደተናገረና በየትኛው ወገን ተቀምጦ ያይ እንደነበር ጨምሬ ጽፌአቸዋለሁ። የግራ መስመሩን የሚያነሣው ሰው የተቀመጠው በዚያው በኩል ስለነበር ቃሉን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ።

ቀጣዩ ሰው ሳቢያን የሚኖሩ፣ በዚያ ውድድር ከጎሉ ጀርባ ኳስ የሚመልሱ ልጆች አንዱ ነበርሁ የሚሉ ናቸው። ከጎል ጀርባ የቆመ ልጅ በረኛው ለተከላካዮቹ የሚጮኸውን ይሰማል፣ ማን ኳስ እንዳስነጠቀም ከስድቡ ያውቃል፤ ስለዚህ የምጠይቃቸው ስለ ጎሎቹ አይደለም። ጫቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ ደብተሩን ግን ጨዋታው እስኪሞቅ ከኪሴ አላወጣውም።